«ጃጅ አታድርጊኝ» በአማርኛ ምን ይባላል?

የግርጌ ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ አጭር ፊልም የአማርኛ ግርጌ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። አንድ መስመር ላይ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። ታናሽ እህት ዩኒቨርሲቲ ማቋረጧን ለታላቋ ትነግራታለች። ታላቋ ዝም ብላ ትቆይና «አይም ኖት ጃጂንግ ዩ» ትላታለች። «አልፈርድብሽም» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ግን ሴትዮዋ ካባ ለብሳ ችሎት የተቀመጠች መሰለኝ። የሰፈሬ ልጆች «ጃጅ አላደርግሽም» ነው የሚሉት። እሱን ደግሞ እናቴ አትረዳውም። ጽሑፉ የሚታየው ለ2 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ረጅም ሐረግ አይሆነኝም። ምን ልበል?

ጠበቃው፦
ጥርጣሬሽ ልክ ነው እህቴ። «ፈረደ» ወገን ሳይዝ አይሄድም። ፈረደለት ካልን ሰውየው ረታ። ፈረደበት ካልን ተረታ። የእንግሊዝኛው ግሥ ይህ ጣጣ የለበትም። ውድድር የሚዳኘውም፣ ርቀት የሚገምተው ሹፌርም፣ የጎረቤቱን ኑሮ የሚመዝነውም በዚያው በአንድ ቃል ይስተናገዳሉ። እኛ ጋ ውድድሩ ይዳኛል፣ ርቀቱ ይገመታል፣ ሰው ላይ ይፈረዳል። «አልፈርድብሽም» ስትል «ጥፋተኛ ነሽ አልልም» ማለቷ ነው። ልጅቷ መቼ ተከሰሰች?

ዘዋሸራ፦
ቅኔ ቤት 4 ዓመት የተቀመጠ ሰው ዝም ሊል አይገባም። ነገሩን ከሥሩ እንየው። በግእዝ «ፈትሐ» ፈረደም ፈታም ነው። «ፍታሕ ሊተ እግዚኦ» ስንል «አቤቱ፥ ፍረድልኝ» ማለታችን ነው። ካህኑ ለተነሳሒው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላል። ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። ሁሉም አንድ ሥር ነው። እንግዲህ ለአባቶቻችን መፍረድ ማለት የታሰረን መፍታት ነበር። «አልፈርድብሽም» የከበደን የዛሬ ሰው ቃሉን ስላከበደው ነው።

ጠበቃው፦
መሪጌታ፣ በአክብሮት፣ እህታችን የጠየቀችው ስለ «ፈረደ» ነው። እርስዎ የፈቱልን «ፈትሐ»ን ነው። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው መፍታትን ብቻ አይደለም። በጸሎተ ሃይማኖት «ይኰንን ሕያዋነ ወሙታነ» እንላለን። እዚያ «ኰነነ» ፈረደ ነው፤ የደግም የክፉም ፍርድ። አማርኛችን ግን «ኵነኔ»ን ወስዶ ለሲኦል ሰጠው። ቃል ሲኖር ሲኖር ይከብዳል። ሰሚው ዛሬ የሚሰማውን ነው መጻፍ ያለባት።

አራት ኪሎ፦
እንዴት እስካሁን «ታዘበ»ን ያነሳ ጠፋ? ልጆቹ «ጃጅ አታድርጊኝ» የሚሉት እኮ ድሮ «አትታዘቢኝ» ይባል የነበረውን ነው። እናቴ እንግዳ ፊት ስንረብሽ «ሰው ይታዘበናል» ትል ነበር። ማንም ምንም አይናገርም፤ እንግዳው አይቶ፣ በልቡ መዝኖ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ጃጅ ማድረግ ማለት ይኸው አይደል? ችሎት የለው፣ ድምፅ የለው። «አልታዘብሽም» ብለሽ ጻፊ።

የግርጌ ጸሐፊዋ፦
ኧረ ተባረኪ! እንዴት ሳይመጣልኝ ቀረ? ግን አንድ ነገር። «የምርጫ ታዛቢ» ስንልስ? በ1997ቱ ምርጫ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች መጡ ሲባል አይተው የሚመሰክሩ ማለታችን ነበር። ቃሉ ገለልተኛ አይሆንብኝም?

አራት ኪሎ፦
ስሙና ግሡ ተለያይተዋል። ታዛቢ ወንበር ተሰጥቶት የሚቀመጥ ነው። «ታዘብኩህ» ግን ወቀሳ ነው። ታምሜ ሳትጠይቀኝ የቀረች ጓደኛዬን «ታዘብኩሽ» ብላት ሌላ ስድብ አያስፈልገኝም።

ዘዋሸራ፦
«እስቲ ታዘቡልኝ!» የሚለውንስ? እዚያ ወቀሳው ሰሚው ላይ አይደለም። «ምስክር ሁኑኝ» ማለት ነው። ስለዚህ ገለልተኛነቱ ከግሡም አልጠፋም።

ጠበቃው፦
ጥሩ አነሡ። አያችሁ፣ «ታዘቡልኝ» አለ፤ «ታዘቡብኝ» ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ታዘበ ሰውየውን በቀጥታ ይይዛል፦ ታዘበኝ፣ ታዘበሽ። ፈረደ ግን ያለ «በ» ወይም ያለ «ለ» ሰው ላይ አይደርስም። ከታዘበ ይግባኝ የሌለው ለዚህ ይመስለኛል። የፈረደብህን ትከራከረዋለህ፤ የታዘበህን ምን ትለዋለህ?

የወሎዋ፦
እኔ «አልታዘብሽም» አይዋጥልኝም። ታላቅ ታናሹን አይታዘብም። ታላቅ ይቆጣል፣ ይመክራል፣ ካስፈለገም ይማታል። የሚታዘበው መናገር የማይችለው ነው፤ ታናሹ፣ እንግዳው፣ ጎረቤቱ። አፍ ያለው ሰው ምን ያስታዝበዋል? ያቺ ታላቅ እህት አማራ አገር ብታድግ «ልቆጣሽ አይደለም» ነው የምትል።

አራት ኪሎ፦
አይ፣ አልስማማም። አያቴ 80 ዓመት አልፏት እኔን «ታዘብኩሽ» ብላኛለች፣ ያኔ ገና 12 ዓመቴ ነበር። እስከ ዛሬ ያመኛል። ብትቆጣኝ ኖሮ ረስቼው ነበር።

የወሎዋ፦
እኅቴ፣ ያመመሽ እኮ ለዚያ ነው! ልትቆጣሽ ሲገባት እንደ ባዳ ስለታዘበችሽ። ያን ቀን ከልጅ ተራ አስወጣችሽ። የኔን ሐሳብ እያጠናከርሽልኝ ነው።

አራት ኪሎ፦
ይህን እንዲህ አስቤው አላውቅም።

ከሃይፋ፦
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው። «ዳኛ» ግን ከምን መጣ? እዚህ የረቢዎች ፍርድ ቤት ዳኛ «ዳያን» ይባላል። መጀመሪያ እንደመጣሁ ስሰማው አማርኛ የተናገሩ መስሎኝ ነበር።

ዘዋሸራ፦
ይህማ የኔ ነው። በግእዝ ደየነ ፈረደ ነው። ዕለተ ደይን የፍርድ ቀን። ፈራጁ ደያኒ። አማርኛ ላይ «ኒ» ስትደርስ ወደ «ኝ» ትሄዳለች። ለመነ፣ ለማኝ። ዘፈነ፣ ዘፋኝ። ደየነም በዚህ መንገድ ዳኛን ሰጠን። ዕብራይስጡ ወንድማችን ነው።

ከጅዳ፦
ዐረብኛውንም ጨምሩት መሪጌታ። ፋቲሓ ላይ «ማሊኪ የውሚዲን» እንላለን፣ የፍርዱ ቀን ባለቤት። በየሶላቱ የምናነበው ቃል ከዳኛ ጋር ዘመድ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅኩት።

ዘዋሸራ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ጥሩ አስታወሱኝ።

አዲስ ገቢ፦
«ገመገመ»ስ? ከ«ገመተ» የወጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። «አልገመግምሽም» አይሆንም?

ጠበቃው፦
ከገመተ አይወጣም። «ተ»ዋ የት ሄደች? ገመገመ እንደ ቀጠቀጠ፣ እንደ ነቀነቀ ሁለት ፊደል ተደግሞ የቆመ ነው። ስሜቱማ ጭራሽ ሌላ ነው። በኢሕአዴግ ጊዜ መሥሪያ ቤት የነበረ ሰው «ግምገማ» ሲባል ስብሰባው፣ ሂሱ፣ ግለ ሂሱ ነው የሚታየው። ታላቅ እህት አፍ ውስጥ አታስገባው።

ዘዋሸራ፦
መመዘንም ከተነሣ «ደለወ»ን አትርሱ። መዳልው ሚዛን ነው። ከዚያው ሥር «ይደሉ» ወጣ፤ ተገባ ማለት ነው። በቅዳሴ «ርቱዕ ይደሉ» የምንለው ይኸው ነው። ተመዝኖ ልክ የመጣ ነገር የተገባ ሆነ ማለት ነው። ለኔ ከመፍረድ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ሰውን ሳትጥል ትመዝነዋለህ።

የወሎዋ፦
ግሩም ነው መሪጌታ፣ ግን በ2 ሰከንድ ማን ያነበዋል?

የግርጌ ጸሐፊዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፋይሉ ዛሬ ማታ ይላካል። ለጊዜው «አልታዘብሽም» ላይ ነኝ፣ ግን የወሎዋ ያለችው «ልቆጣሽ አይደለም» ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ልጅቷ ደግሞ ስትመልስ «ሁ አር ዩ ቱ ጃጅ?» ትላለች። ለሱስ?

ጠበቃው፣ ዘዋሸራና የወሎዋ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፦
«ማን ዳኛ አደረገሽ?»

ዘዋሸራ፦
ኦሪት ዘፀአት፣ ምዕራፍ 2። ዕብራዊው ለሙሴ እንዳለው።