የቪዲዮ ዴካችን ምስሉ ጥሩ ነው፣ ድምፁ ግን እየነዘረ ይታፈናል

ጠያቂ፣ ደሴ ሆጤ፦
እንደምን ዋላችሁ። የእናትና አባቴ ሰርግ በቪዲዮ ካሴት ተቀርጿል። ያኔ የመረቀቻቸው አያቴ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ድምፅዋ የቀረን እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ዴኩ ዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ሰሞኑን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድነው። ምስሉ ጥሩ ነው። ድምፁ ግን ትንሽ ጥርት ብሎ ይሄድና «ዝዝዝ» ማለት ይጀምራል። ከዚያ መንዘሩ ድንገት ይጠፋና ንግግሩ በብርድ ልብስ የታፈነ ይሆናል። ደግሞ ይጠራል፣ ደግሞ ይነዝራል። ዴኩ ሃይፋይ ስቴሪዮ ነው፣ ከቲቪው ጋር ያያያዝነው በአንቴና ገመድ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መላሽ፣ ኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የአንቴናውን ገመድ ተዪው። በእኛ አገር ሲስተም ድምፁ የሚመጣው በ5.5 ሜጋኸርዝ ነው፤ ከውጭ የገባ ዴክ 6.0 ወይም 6.5 ላይ ተስተካክሎ ከሆነ ቲቪው ድምፁን በትክክል አያወጣውም። በኤቪ ገመድ ሞክሪው፤ ቢጫው ለምስል፣ ነጩና ቀዩ ለድምፅ።

የዴክ ጠጋኝ፣ ደሴ ፒያሳ፦
ገመዱን መቀየሩ ጥሩ ነው፤ ግን ችግሩ ከገመዱ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ይነዝር ነበር፣ አይቀያየርም። ልጄ፣ ካሴቱ ላይ ሁለት ድምፅ አለ። አንዱ በክሩ ጠርዝ ላይ ይሄዳል፣ የሚያነበው የማይንቀሳቀስ ሄድ (ክሩን የሚያነብ ክፍል) ነው። ሌላው፣ ሃይፋይ የሚሉት፣ ከምስሉ ጋር ተደርቦ የተቀዳ ሲሆን በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞረው ድራም፣ ማለት ክብ ብረት፣ ላይ ያሉት ሄዶች ያነቡታል። እነዚህ ሄዶች በሴኮንድ 50 ጊዜ ይቀባበላሉ፤ ሲግናሉ ሲደክም ቅብብሉ «ዝዝዝ» ሆኖ ይሰማል። ጭራሽ ሲደክም ዴኩ ራሱ ወደ ጠርዙ ድምፅ ይዞራል። ታፈነ ያልሽው ያ ነው። ስለዚህ ችግሩ ሁለት ነው፤ ሃይፋዩ ደክሟል፣ የጠርዙ ሄድ ቆሽሿል።

ትራኪንጉን (ሄዶቹ ክሩን በትክክል እንዲከተሉ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ቀስ እያልሽ አስተካክይ። ካልተሻለው በሪሞቱ የኦዲዮ ቁልፍ ወደ ሞኖ፣ ማለት ወደ ጠርዙ ድምፅ ብቻ፣ አዙሪው። መንዘሩ ጨርሶ ከጠፋ ነገሩ እንዳልኩሽ ነው። ከዚያ ከመብራት ነቅለሽ፣ ቆይተሽ ክዳኑን ክፈቺ፤ ፓወር ሰፕላዩ (መብራት የሚቀበለው ክፍል) ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛልና አትንኪው። ክሩ ድራሙን ዞሮ ሲወጣ ከጥቁሯ የላስቲክ ሮለር አጠገብ የቆመች ትንሽ አብረቅራቂ ሄድ ታገኛለሽ። እሷን በጆሮ ጥጥና በአልኮል ጥረጊያት፤ ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪተው። ድራሙን ግን በጥጥ እንዳትነኪ! የጥጡ ቃጫ ሄዱ ላይ ይጠመጠማል፣ ሄዱም ይሰበራል።

እናት፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ፦
አብሽሪ የኔ ልጅ። አልኮሉ ውሃ ያልበዛበት ይሁን፣ 99 በመቶው ይሻላል። አረቄና ሽቶ የሚያደርጉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ውሃና ቅባት አለበት፣ እንዳትሞክሪው። የደሴ ብርድና ጭጋግ ካሴት ያሻግታልና በካሴቱ መስኮት ክሩን እዪው፤ ነጭ ዱቄት ካለው ዴክ ውስጥ አታስገቢው፣ ሄዱንም ያበላሻል። ከካሴቱ ጀርባ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክም ስበሪያት፤ ያኔ በስሕተት የመቅጃ ቁልፍ ቢነካ አይደመሰስም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ ሻጋታ የለውም፤ ፕላስቲኳንም ሰብሬያታለሁ። በኤቪ ገመድም ነዘረ፤ ወደ ሞኖ ስናዞረው ግን ጠፋ። ሄዷን ስጠርጋት ጥጡ ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረውም። አሁን የአያቴ ምርቃት ቃል በቃል ይሰማል! የወለደችኝ እናቴ እያለቀሰች ነው የሰማችው። ሃይፋዩ ግን አሁንም ይነዝራል። ድራሙ ይጽዳ፣ ጋሼ?

የዴክ ጠጋኝ፣ ደሴ ፒያሳ፦
ማሻአላህ! አሁን ድራሙን አትንኩት። ሌላ ካሴት አስገቢና ሃይፋዩን ሞክሪው፤ እዚያ ካልነዘረ ችግሩ ከሰርጉ ክር ነው፣ ዴኩ ደህና ነው። ያም ሆነ ይህ አስቀድማችሁ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጡት፣ ሪሞቱ ሞኖ ላይ እንዳለ። ስትገለብጡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ አጫውቱት፤ ያረጀ ክር ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለስ ይጎዳል። ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡት። ድራሙ ከዚያ በኋላ ይታያል።