ለግራኝ ሴት የሚሆን የውድድር ሽጉጥ ማኅደር የትኛው ነው?

ግራኟ ነርስ (ቨርጂኒያ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ዒላማ መተኮስ ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ሽጉጤን ከጠረጴዛ አንሥቼ፣ ቆሜ ተኩሼ፣ መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነው ወደ ቤቴ የምሄደው። አሁን ወደ ተግባራዊ ሽጉጥ ተኩስ ውድድር ልገባ ነው። በአቅራቢያዬ ያለው ክለብ የሚያወዳድረው በዩኤስፒኤስኤ (በአሜሪካ ተግባራዊ ተኩስ ማኅበር) ሕግ ሲሆን እኔ የምሰለፈው ብዙ ያልተለወጡ የፋብሪካ ሽጉጦች በሚገቡበት፣ «ፕሮዳክሽን» በሚባለው ምድብ ነው። ሽጉጤ ግሎክ 34 ነው።

የቸገረኝ ማኅደሩ ነው። አንደኛ ግራኝ ነኝ፤ ሱቅ ሄጄ የማገኘው ሁሉ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። ሁለተኛ፣ ሳልሸፋፍን ልናገርና፣ ዳሌዬ ሰፊ ነው። የአንዲት ግራኝ ጓደኛዬን ማኅደር ለሙከራ ብታጠቅ እጀታው ጎኔን እየወጋኝ፣ አፈሙዙ ደግሞ እንደ አውራ ዶሮ ጭራ ወደ ውጭ ተቀስሮ አስቸገረኝ። ሦስተኛ፣ ስሮጥና ስንበረከክ ይወድቅብኛል ብዬ እፈራለሁ። የሱቁ ሻጭ ፖሊሶች የሚታጠቁትን ባለ ብዙ መቆለፊያ ማኅደር አሳየኝ። ባለቤቴ ቆዳ ይሻላል ይላል፤ ለእሱ ዓለም ከቆዳ የተሻለ ነገር አልሠራችም። ውድድሩን ለማየት በሄድሁ ቀን ደግሞ አንድ ሰው አጥንቱ ብቻ የቀረ ማኅደር ታጥቆ ሽጉጡ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። እሱስ እንዴት አይወድቅበትም? የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ዘብ አደሩ (ቴክሳስ)፦

እኅቴ፣ ሻጩ ልክ ነው። እኔ በጥበቃ ሥራ ላይ የምታጠቀው ኤኤልኤስ የሚባለው መቆለፊያ ያለውን የሳፋሪላንድ ማኅደር ነው። ሽጉጡን ስትከቺው በራሱ ይቆለፋል። ስትመዢው አውራ ጣትሽ እጀታውን ለመጨበጥ በሚወርድበት መንገድ ላይ ትንሽ ምላስ አለች፤ እሷን ወደ ኋላ ገፋ ስታደርጊ ይለቃል። ተገልብጠሽ ብትንጠለጠዪ እንኳ አይወድቅም። እኔ ውድድርም የምገባው በእሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?

ቀለህ ለቃሚው (ኮሎራዶ)፦

ግራኟ ነርስ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። በክለባችን ተኳሽም የተኩስ ዳኛም ነኝ፤ የምነግርሽም ሰዎች ሲመዝዙና ሲከቱ አጠገባቸው ቆሜ ካየሁት ነው።

በመጀመሪያ ፍርሃትሽን ወደ ትክክለኛው ቦታው ልመልሰው። በውድድር ስትሮጪ ሽጉጡ ያለው እጅሽ ውስጥ ነው። የመነሻው ድምፅ ሲሰማ ትመዢያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ተኩሰሽ ጨርሰሽ፣ ካዝናውን አውጥተሽ፣ ባዶ መሆኑን ለዳኛው አሳይተሽ «ክተቺ» እስክትባዪ ድረስ ማኅደሩ ሥራ ፈት ነው። የሚፈተነው በቀረው ቀን ነው። ባዶ ሽጉጥ እንደ ታጠቅሽ የዒላማ ቀዳዳ ትለጥፊያለሽ፣ የወደቁ የብረት ዒላማዎችን ታቆሚያለሽ፣ ቀለህ ለመልቀም ትጎነበሻለሽ፣ ጥላ ፍለጋ መኪና ውስጥ ትቀመጫለሽ፣ መጸዳጃ ቤት ትገቢያለሽ። ሽጉጥ ሲወድቅ ያየሁት በአብዛኛው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

አብሮን የሚተኩስ አንድ ጎልማሳ ቀለህ ሊለቅም ጎንበስ ሲል ሽጉጡ ጠጠሩ ላይ ዱብ አለ። ሊያነሣው እጁን ሲዘረጋ በዙሪያው ያለነው ሁሉ በአንድ አፍ «አትንካው!» ብለን ጮኽን። ይህን ሕግ ከማኅደሩ በፊት ዕወቂው፦ ከተኩስ ተራሽ ውጭ ባዶ ሽጉጥ ቢወድቅ መውደቁ ብቻውን አያስቀጣም፤ ራስሽ ካነሣሽው ግን ከውድድሩ ትሰረዣለሽ። ዳኛ ይጠራና እሱ አንሥቶ፣ ፈትሾ ያስረክብሻል። በተኩስ ተራሽ ላይ ከወደቀብሽ ግን የጎረሰም ይሁን ባዶ፣ ውድድሩ ለአንቺ አበቃ። ጎልማሳው እጁን ሰብስቦ ቆመና ተረፈ። በኋላ ማኅደሩን ስናየው ለሌላ ሽጉጥ የተቀረጸ ነበር፤ ገባ ስለሚል ብቻ የያዘ መስሎታል።

ስለዚህ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለውን የናይለን ማኅደር እርሺው። የራስሽ ሽጉጥ ስም የተጻፈበትን፣ በካይዴክስ ወይም በሌላ ጠንካራ ፕላስቲክ የተቀረጸውን ግዢ። የግሎክ 34 በርሜል 135 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአጭሩ ወንድሙ የግሎክ 17 በርሜል 114 ነው፤ ለ34 የተሠራ ማኅደር በአብዛኛው 17ንም ይይዛል። ጥሩ ማኅደር ሽጉጡን የሚይዘው ምላጩን በከበበው ቀለበት ላይ ነው፤ በትክክል ሲገባ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማሻል፣ እጅሽም ይሰማዋል። ያ ድምፅ ካልተሰማ ገና አልገባም፤ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ሽጉጥ ነው ጎንበስ ሲሉ የሚወድቀው። የአያያዙን ጥብቀት የምታስተካክልበት ብሎን አለው፤ ሩብ ዙር እያዞርሽ አጥብቂው እንጂ በአንድ ጊዜ አትጠምዝዢው።

ቀጥሎ ምላጩን ተመልከቺ። ግሎክ በአውራ ጣት የሚከፈትና የሚዘጋ የደህንነት ቁልፍ የለውም፤ መጠበቂያው ያለው ራሱ ምላጩ ላይ ነው። ጣትም ይሁን ጨርቅ፣ እዚያ ገብቶ የገፋ ነገር ያስተኩሳል። ማኅደሩ ምላጩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ሽጉጡ ውስጥ እያለ ምላጩን ለመንካት የሚያስችል ማኅደር በሕጉም የተከለከለ ነው። አፉ ደግሞ ሽጉጡ ከወጣ በኋላ ሳይጨማደድ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። የባለቤትሽ ቆዳ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው። አዲስና ወፍራም ቆዳ ደህና ነው፤ ላብና ዘመን ሲያለሰልሱት ግን አፉ ይታጠፋል፣ የታጠፈው ጠርዝ ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ ሽጉጡ ሲከተት ምላጩን ሊስብ ይችላል። እዚህ ኮሎራዶ በብርድ ወራት ስንወዳደር እኔ በዳኝነት የማየው የጃኬት ገመድ ነው፤ ከወገብ የሚንጠለጠለው ማጥበቂያ ማኅደር ውስጥ መግባት ይወዳል። ቁረጪው ወይም ወደ ውስጥ ክተቺው። አባቴ «ጠመንጃን ሰይጣን ያጎርሰዋል» ይሉ ነበር፤ ሰይጣኑ በአብዛኛው ጨርቅ ሆኖ ነው የሚመጣው።

በአመልካች ጣት ቁልፍ ተጭነው የሚያወጡትን ዓይነት አትግዢ። ጣቱ እየተጫነ ሽጉጡ ሲወጣ ቀጥሎ የሚያርፈው ምላጩ ላይ ነው፤ ብዙ የተኩስ ሜዳዎችም አያስገቡትም።

ያየሽው አጥንት ብቻ የቀረ ማኅደር የእሽቅድምድም ማኅደር ይባላል። ሽጉጡን የምላጩን ቀለበት ብቻ ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ከዙር ወደ ዙር ሲሄዱ የሚዘጋ፣ ከመተኮስ በፊት የሚከፈት ትንሽ መቆለፊያ አለው። ሲዘጋ እውነትም አይወድቅም፤ ሳይዘጉት የሚራመዱ ግን ሞልተዋል። ኦፕንና ሊሚትድ በሚባሉት ምድቦች ይሄዳል። አንቺ በምትገቢበት ፕሮዳክሽን በዩኤስፒኤስኤ ሕግ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ገንዘብሽ ተረፈ።

ወደ ዳሌሽ ልምጣ። ይህ የአንቺ ብቻ ችግር አይደለም፤ ማኅደሮች የሚቀረጹት ቀጥ ያለ የወንድ ወገብ ታስቦ ነው። ሰፊ ዳሌ የማኅደሩን ግርጌ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ እጀታው ጎን ውስጥ ይገባል፣ አፈሙዙ ይቀሰራል። መቀሰሩ ደግሞ ከመልክ በላይ ነው፤ ዘና ብለሽ ቆመሽ አፈሙዙ ከእግርሽ ከ3 ጫማ አልፎ የሚያይ ከሆነ ሕጉ አይፈቅድም። መፍትሔው ማኅደሩን ዝቅና ራቅ የሚያደርገው ማንጠልጠያ ነው። ከማኅደር ሠሪዎቹ ብሌድ ቴክ አለው፣ ኮምፕ ታክም አለው። ከግርጌው ብሎን ሥር ቀጭን ጎማ አስገብተሽ የአፈሙዙን አቅጣጫ ወደ እግርሽ መመለስ ትችያለሽ። ነገር ግን ወሰን አለው። የእጀታው ተረከዝ ከቀበቶሽ ላይኛ ጠርዝ በታች መውረድ የለበትም፤ በፕሮዳክሽን ማኅደሩ ከሰውነትሽ ብዙ እንዳይርቅ፣ ከዳሌ አጥንትሽም ፊት እንዳይወጣ የተደነገገ አለ። ስለዚህ ቀበቶውን ታጥቀሽ፣ ባዶ ሽጉጥ ከትተሽ፣ መስተዋት ፊት ቆመሽ አስተካክዪው፤ ጠረጴዛ ላይ አይለካም።

ዘብ አደሩ፣ ወንድሜ፣ በማኅደርህ ላይ ክፉ አልናገርም። ሰው ሊቀማው የሚችል መሣሪያ ለታጠቀ ዘብ ያ መቆለፊያ ያስፈልጋል፣ አንተም እጅህ ለምዶታል። እሷን ግን ማንም አይቀማትም። መቆለፊያ በበዛ ቁጥር ጀማሪ ሽጉጡን እየጎተተ ከቀበቶው ጋር ይታገላል፤ ሲለቀው አፈሙዙ የት እንደሚዞር አይታወቅም።

ግራኟ ነርስ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የቆዳውን ነገር አንብቦ ዝም ብሏል፤ በእኛ ቤት ይህ ትልቅ ድል ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። በኋላ ሽጉጤ ላይ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ማስገጠሜ አይቀርም፤ ያኔ ሌላ ማኅደር ልግዛ ነው? ሌላው ቀበቶው ነው። የሴት ሱሪ ማንጠልጠያ ጠባብ ነው፣ ወፍራም ቀበቶ አያስገባም።

ሰሜን ኮከብ (ስቶክሆልም)፦

ከዚህ ወገን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምናልባት ወደ አውሮፓ ውድድር ብትመጪ። እኛ የምንተኩሰው በአይፒኤስሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ማኅበር ሕግ ነው። በፕሮዳክሽን ከሰውነት ያለው ርቀት ከ50 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በትልልቅ ውድድሮች ዳኛ መጥቶ ይለካል። አፈሙዙ ከእግር ከ1 ሜትር አልፎ እንዳያይም ይጠበቃል። የማንጠልጠያውን ርቀት መጨረሻው ወሰን ድረስ አትውሰጂው፤ ቀበቶ በላላ ጊዜ የሚለካው ሌላ ይሆናል። እዚህ ብዙው ሰው የሚታጠቀው የጣሊያኑን ጎስት ወይም የሆላንዱን ደብል አልፋ ነው፤ ሁለቱም ለግራኝ ይሠራሉ።

ቀለህ ለቃሚው፦

ሰሜን ኮከብ ልክ ብሏል። ሕጎቹ ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ በየጊዜውም ይሻሻላሉ፤ ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት የዘንድሮውን የሕግ መጽሐፍ የፕሮዳክሽን ገጽ አንብቢ።

ለቀይ ነጥቡ፣ ከአሁኑ ከላይ የተቆረጠውን ማኅደር እዘዢ። ማነጣጠሪያው ባይኖርም ሽጉጡን ያው ይይዘዋል፣ በኋላ ከሁለተኛ ወጪ ያድንሻል። ፊት ለፊቱ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ይሁን፤ እጅሽ ሙሉ ጨብጦ ቶሎ ይነሣል። ግራኝ በመሆንሽ ሱቅ ውስጥ ከመፈለግ በቀጥታ ከሠሪው ማዘዙ ይሻላል። የሚሠሩት በትእዛዝ ከሆነ መጠበቅ አለ፤ ውድድሩ ሲቃረብ አትዘዢ። ዋጋው ለአብዛኛው ከ100 ዶላር በታች ነው።

ቀበቶው የነገሩ እኩሌታ ነው። በጣም ጥሩ ማኅደር ልፍስፍስ ቀበቶ ላይ ቢሰቀል ስትመዢ አብሮ ይነሣል፤ ያኔ ጥፋቱን በማኅደሩ ታሳብቢያለሽ። የውድድር ቀበቶ ሁለት ነው፦ ቀጭኑና ለስላሳው በሱሪው ማንጠልጠያ ያልፋል፣ ደረቁና ወፍራሙ ከላዩ በቬልክሮ ይጣበቃል። የሴት ሱሪ የሚያስቸግረው ለወፍራሙ ነው፤ እሱ ደግሞ በማንጠልጠያ አያልፍም። ማኅደሩንና የካዝና መያዣዎቹን ደረቁ ላይ አንዴ አስተካክለሽ ካሰርሽ ሁልጊዜ ያው ቦታ ታገኚያቸዋለሽ። የወገብሽን ልክ ስትሰጪ የሱሪሽን ቁጥር አትንገሪያቸው፤ በሜትር ለክተሽ ላኪ።

ሲደርስሽ እንዲህ ፈትኚው። ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጪ፤ ሽጉጡን ፈትሺ፣ ደግመሽ ፈትሺ። ማኅደሩን በእጅሽ ይዘሽ አልጋ ላይ ገልብጠሽ ነቅንቂው፤ መውጣት የለበትም። ከዚያ ታጠቂውና ተቀመጪ፣ ተንበርከኪ፣ ወለሉ ላይ ተኝተሽ ተነሺ፣ ደረጃ በሩጫ ውጪ። አሁን ምዘዢው፤ ቀበቶሽን ወደ ላይ ሳይጎትት አንዴ ስትስቢው መውጣት አለበት። በመጨረሻ በአንድ እጅ መልሺው፣ ቀስ ብለሽ፣ አፉን እያየሽ። ሲመልሱ መቸኮል ነጥብ አያስገኝም፤ ሰዓቱ የቆመው የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ነው። የአያያዙ ብሎን ሲስማማሽ የማንጠልጠያዎቹን ብሎኖች አውጥተሽ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጊባቸው፤ ባይሆን በመንቀጥቀጥ ይላላሉ።

ሜዳው ላይ ስትደርሺ ሽጉጡን ከቦርሳው አውጥተሽ ወደ ማኅደሩ የምትከቺው የደህንነት ስፍራ በተባለው ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጥይት፣ የውሸቱም ቢሆን፣ አይነካም። መኪናሽ አጠገብ እንዳትሞክሪው።

ዘብ አደሩ፦

እሺ፣ ስለ ጎተታው እውነት አለህ፤ የእኔም እጅ የለመደው በሥራ ብዛት ነው። ግን እኅቴ፣ የካዝና መያዣዎቹን አልጠየቅሽም።

ቀለህ ለቃሚው፦

መልካም አስታወስህ። ለግራኝ በቀኝ ጎን ነው የሚሰለፉት፣ እንደ ማኅደሩ ከዳሌ አጥንት ኋላ፤ የጥይቶቹ ጫፍ ወደ ፊት ይይ። ሽጉጥሽ አራተኛው ወይም አምስተኛው ትውልድ ከሆነ የካዝና መልቀቂያውን ቁልፍ ወደ ቀኝ ጎን አዙረሽ መግጠም ትችያለሽ፤ በግራ አውራ ጣትሽ ትደርሺበታለሽ። ማዘዙን ስትጨርሺ የማንጠልጠያውን ዓይነት ጻፊልኝ፣ የጎማውን ውፍረት እነግርሻለሁ።