ክርክር፦ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በመታወቂያ ስም መጻፍ በሕግ ይገደድ?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ሁሉ አካውንቱን በመንግሥት መታወቂያ እንዲያስመዘግብ የሚያስገድድ ሕግ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ደጋፊም ተቃዋሚም ምክንያቱን ይጻፍ። ሐሳብን ንቀፉ፣ ሰውን ተዉት። የሌላ ሰው ስክሪንሾት ከነስሙ የሚለጥፍ ከግሩፑ ይወጣል።

ሰብለ፦
እኔ እደግፋለሁ። ባለፈው ዓመት ስለ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ሦስት መስመር አስተያየት ጻፍኩ፤ ዳኛው የሰጠው ፍጹም ቅጣት ምት ልክ ነው አልኩ፣ በቃ። ማታውኑ ስድብ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ከልጄ ጋር የተነሳሁትን ፎቶ ከገጼ ወስደው፣ እዚህ ልደግመው የማልፈልገውን ነገር ጽፈውበት ለዘመዶቼ ላኩት። አንዱን ብሎክ ሳደርግ ሌላው ብቅ ይላል። አሥራ አንድ አካውንት ቆጥሬያለሁ። ፎቶ የላቸውም፣ ስማቸው መጨረሻ ላይ ቁጥር አለበት፣ ሁሉም የተከፈቱት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ሁሉም ደግሞ «ታውቂያለሽ» ለማለት «ታቅያለሽ» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ሰው መሆኑን የነቃሁት በዚያ ነው። ሪፖርት አደረግኩ፤ «ደንባችንን አልጣሰም» የሚል መልስ መጣልኝ። መታወቂያ የሚጠየቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው አሥራ አንዱን አካውንት ከየት ያመጣ ነበር?

ማታ ተረኛ፦
ሰብለ እህቴ፣ የደረሰብሽ ያማል፤ ልጅሽን መጨመራቸው ደግሞ የባሰ ነው። እኔ ግን እቃወማለሁ። ነርስ ነኝ፤ እዚህ ስሜን የማታዪው በምክንያት ነው። የምሠራበት ክፍል ጓንት አልቆ ነበር። ለኃላፊው ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትኩ፣ መልስ የለም። ባዶውን ካርቶን ፎቶ አንስቼ በብዕር ስም ለጠፍኩት። በአራተኛው ቀን ጓንት መጣ፤ በአምስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ «ማን ነው የጻፈው?» በመታወቂያዬ ተመዝግቤ ቢሆን ኖሮ ያን ፎቶ አልለጥፈውም ነበር። እውነቱን ነው የምልሽ፤ ልጆች አሉኝ፣ ደሞዜን እፈልገዋለሁ።

ዳዊት፦
እኔ ሁልጊዜ በስሜ ነው የምጽፈው። ያመነበትን የሚናገር ሰው ምን ያስፈራዋል?

ማታ ተረኛ፦
ወንድሜ ዳዊት፣ አንተን ከሥራ የሚያባርር ሰው ጽሑፍህን አያነበው ይሆናል። የእኔ አለቃ ያነባል።

ችሎት፦
የሕግ ባለሙያ ነኝ። ሐሳቡ አዲስ ስላልሆነ በተሞከረበት አገር ምን እንደሆነ እንይ። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ትልልቅ ድረ ገጾች አስተያየት የሚጽፍን ሰው ማንነት እንዲያረጋግጡ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። በ2009 ሕጉ ሰፍቶ በቀን 100,000 ጎብኚ ያላቸውን ሁሉ አካተተ። ያን ዓመት ዩቲዩብ ማንነት ከማጣራት ይልቅ በኮሪያ ገጹ ላይ ቪዲዮ መጫንንና አስተያየት መስጠትን ዘጋ። ነሐሴ 2012 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕግ የሚጥሱ ጽሑፎች ይህን ያህል አለመቀነሳቸው ነበር፤ ተጠቃሚው ወደ ውጭ አገር ድረ ገጾች መሸሹም ተነሥቷል። ማለትም ዋጋው ተከፍሎ ዕቃው አልተገኘም። ሰብለ፣ ያሳደደሽን ሰው ጉዳይ አቃልዬ አይደለም፤ ያቀረብሽው መድኃኒት ግን አንድ ጊዜ ተውጦ በሽታውን አላዳነም።

ጡረተኛው አርታኢ፦
ልጆቼ፣ እኔ ረጅም ዘመን የአንባቢ ደብዳቤ የሚታተምበትን ዓምድ አዘጋጅቻለሁ። አሠራራችን ቀላል ነበር። ጸሐፊው እውነተኛ ስሙንና አድራሻውን ለእኛ ይሰጣል፤ ከፈለገ በብዕር ስም ይታተምለታል። ስሙ በእኔ መሳቢያ ይቆያል። ነርሷም ትጠበቃለች፣ የሰብለም ተሳዳቢ ይታወቃል። ሁለታችሁም ያነሣችሁትን ችግር ይፈታል ባይ ነኝ። ከፊት የብዕር ስም፣ ከኋላ እውነተኛ ስም።

ኮድ ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ኮሪያ ያደረገችው በትክክል እርስዎ ያሉትን ነው። ሰዎች በቅጽል ስም ይጽፉ ነበር፤ ማንነታቸው ከኋላ ተመዝግቦ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 2011 (እ.ኤ.አ.) ኔይትና ሳይወርልድ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ገጾች ተጠለፉና የ35 ሚሊዮን ተጠቃሚ መረጃ ወጣ። የአገሪቱ ሕዝብ ያኔ 50 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ ሁሉም።

የእርስዎ መሳቢያ ስንት ደብዳቤ ይይዝ ነበር? ሁለት መቶ? ሌባ ቢመጣ ቢሮዎ ድረስ መምጣት፣ ቁልፉን መስበር፣ ወረቀቱን ተሸክሞ መውጣት ነበረበት። የመረጃ ቋት እንዲህ አይደለም። ሌባው ሌላ አህጉር ተቀምጦ ሚሊዮኑን በአንድ ሌሊት ይቀዳል፤ ባለቤቱም ከሳምንታት በኋላ ነው የሚሰማው። እኔ ሥራዬ ሰርቨር መጠበቅ ነው። ደህና የሚጠበቅ ሰርቨር አይቻለሁ፤ የማይሰበር ግን አላየሁም። ጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) ዲስኮርድ የተባለው የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ የ70,000 ያህል ተጠቃሚዎች የመታወቂያ ፎቶ ሳይጋለጥ እንዳልቀረ አስታውቋል። ፎቶዎቹ የተሰበሰቡት ዕድሜ ለማጣራት ነበር፤ ቀዳዳው የተገኘውም ድርጅቱ ባሠራው ሌላ ኩባንያ በኩል ነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ለልጆች ደኅንነት ተብሎ የተሰጠ መታወቂያ ሌባ እጅ ገባ።

ጡረተኛው አርታኢ፦
መሳቢያው ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር። ልዩነቱን ገባኝ። ግን እኔ ያ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ በመኖሩ ስንቱ ተሳዳቢ ደብዳቤውን ሳይልክ እንደቀረ መገመት እችላለሁ። አንተ የምትለው ተሳዳቢውም ነርሷም አንድ ላይ ይደበቁ ነው። ለሰብለ ምን ትላታለህ?

ሰብለ፦
እኔም ልጠይቅ የነበረው ይህንኑ ነው። ስለ ኮሪያ ገብቶኛል። ግን ሁላችሁም ስለ ሚሊዮን ሰው ታወራላችሁ፤ እኔ የማወራው ስለ አንድ ሰው ነው።

ሃና፦
በስማቸውና በሠርግ ፎቷቸው ሆነው የሚሳደቡ ሰዎች በየቀኑ አያለሁ። ስም ማንንም ጨዋ አያደርግም። ይህ ብቻ ነው አስተያየቴ።

ችሎት፦
ሰብለ፣ አንድን ሰው ለመያዝ ሁሉንም መመዝገብ የግድ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ኖርዊች ፋርማካል በሚባለው የ1973 (እ.ኤ.አ.) ውሳኔ የተጀመረ አሠራር አለ። ተበዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ መበደሉን ያሳያል፤ ዳኛው ካመነበት ጥፋተኛውን የሚያሳውቅ መረጃ በእጁ ያለው አካል እንዲያቀርብ ያዛል። ማስረጃው ታይቶ አንድ ስም ይወጣል፤ የሌላው ሁሉ ስም በቦታው ይቆያል። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ያየው የማክንታየር ጉዳይ አለ። ሴትዮዋ ለትምህርት ቤት የታሰበ የግብር ጭማሪን የሚቃወም በራሪ ወረቀት ስሟን ሳትጽፍ በተነች፤ 100 ዶላር ተቀጣች። ውሳኔው ሲሰጥ እሷ በሕይወት አልነበረችም፤ ጉዳዩን የቀጠለው ባሏ ነው። ፍርድ ቤቱ ስም ሳይጽፉ መናገር በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው አለ። ለማታ ተረኛ ካርቶን የምፈልገው ጥበቃ ይህ ነው፤ ለሰብለ የምፈልገው ደግሞ የእንግሊዙን በር ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

ኮድ ጸሐፊ፦
ችሎት ያለውን እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ሳይነገር እንዳይቀር። ፍርድ ቤቱ ቢያዝም ስሙ ላይገኝ ይችላል። ብዙ የሞባይል ኩባንያዎች አንድን የአይፒ አድራሻ (ስልክ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ለብዙ ስልኮች በአንድ ጊዜ ያካፍላሉ። ድርጅቱ አይፒውን ብቻ መዝግቦ ከሆነ፣ የስልክ ኩባንያው «በዚያ ደቂቃ በዚህ አድራሻ የነበሩት ብዙ ናቸው» ብሎ ይመልሳል። የፖርት ቁጥሩ፣ ማለትም አድራሻውን ከሚጋሩት ስልኮች አንዱን ለመለየት የሚረዳው ቁጥር፣ እና እስከ ሰከንድ የደረሰ ሰዓት ያስፈልጋል። ይህ መዝገብ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ ሕግ ይውጣ ከተባለ የምፈልገው ይህን ነው፦ የማስፈራሪያ አቤቱታ በቀረበ ሰዓት ድርጅቱ የዚያን አካውንት መዝገብ እንዳያጠፋ ይገደድ። የአንዱን አካውንት ብቻ፤ የሁላችንን አይደለም።

ለአሥራ አንዱ አካውንት ጥያቄሽ ደግሞ ሌላ መልስ እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የዲጂታል ማንነት ደንብ አባል አገሮች እስከ 2026 መጨረሻ ድረስ ለዜጎቻቸው የዲጂታል ቦርሳ (ስልክ ላይ የሚያዝ የማንነት ማረጋገጫ) እንዲያቀርቡ ያዛል። ሰውየው ስሙን ሳይሰጥ «ከ18 ዓመት በላይ ነኝ» ብሎ ማረጋገጥ እንዲችል ነው የታሰበው። በዚሁ ስሌት ስም ሳይነገር «ይህ ሰው እዚህ አንድ አካውንት ብቻ ነው ያለው» ማለትም ይቻላል። ደንቡ በብዕር ስም መጠቀም እንዳይከለከልም ይላል። እኔ እንዲህ ያለውን አሠራር በሁለት እጄ እቀበላለሁ። የመታወቂያ ፎቶ ላኩ የሚለውን ግን አልቀበልም።

ዳዊት፦
ይህ ከመጀመሪያው ጥያቄ የተሻለ ነው። ሰውየው ቢያንስ አሥራ አንድ አይሆንም።

ማታ ተረኛ፦
እኔም በዚህ አልከፋም፤ ቦርሳውን የሰጠው መንግሥት የት የት እንደተጠቀምኩበት ማየት የማይችል ከሆነ። ይህን በሕጉ ውስጥ በግልጽ ካላየሁ አሁንም «አይሆንም» ነኝ።

ጡረተኛው አርታኢ፦
እኔ አሁንም ለጻፈው ነገር ኃላፊ የሆነ ሰው ከኋላው መኖር አለበት እላለሁ። ነገር ግን ማታ ተረኛ ደብዳቤዋን ወደ እኔ ዓምድ ብትልክ ኖሮ ስሟን ለማንም አልሰጥም ነበር፤ አለቃዋ ራሱ ቢመጣም። ማሽን ይህን ቃል ሊገባ አይችልም። ሰላሳ አምስት ሚሊዮን ያልከው ቁጥር ከብዶኛል፤ ላስብበት።

ሰብለ፦
ጋሼ፣ ከእርስዎ ይህን መስማቴ ደስ ብሎኛል። እኔ ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። ሰውየው ዛሬም የት እንዳለ አላውቅም፤ ምናልባት ይህን እያነበበ ይሆናል። ግን ማታ ተረኛን ካርቶኑን ከመለጠፍ የሚያስቀር ሕግ በእኔ ስም እንዲወጣ አልፈልግም። ችሎት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስክሪንሾቶቹ አሉኝ፤ የብዙዎቹ ሰዓት ግን ደቂቃውን እንጂ ሰከንዱን አያሳይም። ሁለቱን አካውንቶች ደግሞ ራሱ አጥፍቷቸዋል። ከምኑ ልጀምር?

ችሎት፦
ከሊንኮቹ። ስክሪንሾት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ጽሑፍና የእያንዳንዱን አካውንት ሙሉ አድራሻ ኮፒ አድርገሽ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጪ። የጠፉት ሁለቱም ይግቡ፤ ድርጅቱ ዘንድ መዝገባቸው ገና አልተሰረዘ ይሆናል። «ታቅያለሽ» ያለበትን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ሰብስቢው። ለዘመዶችሽ የተላከውን ከእነሱ ስልክ ላይ ሳያጠፉ እንዲያቆዩልሽ ዛሬውኑ ደውይላቸው።

ሰብለ፦
እየደወልኩ ነው።