ሌንሴ ተበላሸ፣ እሁድ ፍጻሜ አለ! የቱን ልግዛ?

ናቲ ቄራ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ዛሬ ልምምድ ላይ አንድ ልጅ ገጭቶኝ ሌንሴ ወደቀ። አሁን ካሜራው ትንሽ ያነሳና ኤረር ብሎ ይቆማል። እሁድ የሰፈር የክረምት ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ከሁለቱም ቡድኖች ቀብድ ተቀብያለሁ። ያለኝ 30 ሺህ ብር ነው፣ ከዚያ በላይ ሳንቲም የለኝም። አንዱ 85 ኤፍ 1.8 (ዙም የሌለው፣ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ) አለኝ ብሏል፣ ሌላው 75-300 (ሩቅ የሚያቀርብ ዙም)። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው። የቱን ልውሰድ? ነገ ከምሳ በፊት መልስ እፈልጋለሁ።

ቤቲ ስቱዲዮ፦
ካሜራህ ምንድን ነው?

ኪያ ፎቶ፦
50 ኤፍ 1.8 ግዛ። ከሱ የተሻለ ርካሽ ሌንስ እስካሁን አልተሠራም።

ቤቲ ስቱዲዮ፦
ኪያ፣ ልጁ የሚያነሳው ኳስ ነው እኮ። ሙሽራ አይደለም።

ደሬ፦
አሮጌውን 80-200 ኤፍ 2.8 ፈልግ። ብረት ነው። ቢወድቅም የሚሰበረው መሬቱ ነው።

የጃንሜዳ ልጅ፦
ደሬ፣ እሱ የናይኮን ነው። ልጁ ካሜራውን እንኳ ሳይነግረን አንተ ናይኮን አስገዛኸው 😂

ናቲ ቄራ፦
ይቅርታ፣ ካኖን 700ዲ ነው። የወደቀው 55-250 ነው።

ደሬ፦
ካኖን ከሆነማ እግዚአብሔር ይርዳህ።

ጋሽ መስፍን፦
ናቲ ልጄ፣ ሌንስ ከመግዛትህ በፊት ርቀቱን አስብ። የሌንሱ ሚሊሜትር በበዛ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል። በ700ዲ ላይ 85 ገጥመህ ካሜራውን አግድም ብትይዝ፣ ቁመቱ 1.80 የሆነ ተጫዋች ፎቶውን ከላይ እስከ ታች የሚሞላው 10 ሜትር ገደማ ሲቀርብህ ነው። 30 ሜትር ከራቀ የፎቶውን ቁመት ሲሶ ብቻ ይይዛል። በ250 ግን ያው ልጅ 30 ሜትር ላይ ሆኖ ፎቶውን ይሞላዋል። ሙሉ ሜዳ 105 በ68 ነው። የሰፈር ሜዳ ቢያንስም፣ ኳሷ ከአንተ ማዶ ስትሆን በ85 የምታነሳው ሣሩን ነው።

ብርሃኑን ደግሞ እንይ። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል። ከኤፍ 5.6 ወደ 4 ስትመጣ ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። ወደ 2.8 ስትመጣ አራት እጥፍ። 1.8 ላይ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ሻጩ ይህን ነግሮህ ልብህን ሰርቆታል። ግን ጨዋታው በስንት ሰዓት ነው? ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነ ደመናም ቢሆን በኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 ወይም 1600 ላይ 1/1000 ሻተር፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ሺኛ ፍጥነት ታገኛለህ። ለኳስ ይበቃል። ችግር የሚመጣው 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። እኛ በፊልም ዘመን አይኤስኦ 400 ፊልም ካጎረስን በኋላ ይህን ሁሉ የመቀያየር ዕድል አልነበረንም።

የጃንሜዳ ልጅ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ ግን ልጁ ትምህርት ቤት አልገባም፣ ሌንሱ ነው የተሰበረው።
ናቲ፣ እኔ እንደውም ምንም አትግዛ ባይ ነኝ። ሁሉም ሌንስ ሌንስ ይላል፣ ቦታ የሚመርጥ የለም። ከካሜራው ጋር በሚመጣው በ18-55ቱ ከጎሉ ጎን፣ ኮርነሩ አጠገብ ቁጭ በል። አጥቂው ፊቱን ይዞ ወደ አንተ ነው የሚመጣው። መሐል መስመር ላይ ቆሞ በ300 የሚያነሳ ሰው የሚያገኘው ጀርባና ቂጥ ነው።

ናቲ ቄራ፦
ጨዋታው 9 ሰዓት ነው። ቦታው ግን አይሆንም። ፍጻሜ ላይ ሕዝቡ መስመሩ ላይ ነው የሚቆመው። ገመድ እንኳ የለም። ጎል ሲገባ ግማሹ ሜዳ ውስጥ ነው። 18-55ቱን ደግሞ ሸጬዋለሁ።

የጃንሜዳ ልጅ፦
እንግዲያው ተጠባባቂ ሆነህ ተመዝገብ፣ ከወንበሩ ላይ ታነሳለህ 😂

ሳሚ ቨርጂኒያ፦
ናቲ ወንድሜ፣ 75-300ውን እርሳው። ሰዎች የስፖርት ሌንስ እያሉ ይሸጡታል። 300 ላይ ፎቶው ይደበዝዛል፣ ፎከሱም ዘገምተኛ ነው። የአንተው 55-250፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤስቲኤም (የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ነው) ከሆነ፣ ከሱ በብዙ ይሻላል። እኔ እዚህ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን የሚያዘጋጀውን ውድድር የማነሳው በሱ ነው። ቀን እስከሆነ ድረስ አላሳፈረኝም። የዚህ ዓይነት ያገለገለ ከተገኘ እሱኑ መልሰህ ግዛ።
ብር ስታገኝ ደግሞ ነጩን 70-200 ኤፍ 4 አስብ፣ አይኤስ የሌለውን። ሻጮች አይኤስ የለውም ብለው ዋጋውን ሲያወርዱ ዝም በል። አይኤስ የእጅህን መንቀጥቀጥ እንጂ የተጫዋቹን ሩጫ አያቆምም።

ኪያ ፎቶ፦
50 ኤፍ 1.8 በ700ዲ ላይ እንደ 80 ነው የሚሆነው። ትርፉን ብር ለትራንስፖርት።

ቤቲ ስቱዲዮ፦
ኪያ በቃ ገባን!
ናቲ፣ ለአንድ ቀን ብለህ 30 ሺህ አታፍስስ። 70-200 ኤፍ 2.8 ለሠርግ ቪዲዮ የሚያከራዩ አሉ፣ በቀን ተከራይ። መታወቂያና መያዣ ይጠይቁሃል፣ የሚያውቁትን ሰው ይዘህ ብትሄድ ይሻላል። ክብደቱ ወደ ኪሎ ተኩል ይጠጋል፣ 90 ደቂቃ ሙሉ በእጅ መያዝ ከባድ ነው። ባለ አንድ እግሩን ማቆሚያ አብረህ ውሰድ። ስትረከብ ደግሞ እዚያው ፊታቸው ሞክረው። ጭረት ካለበት በቪዲዮ ቅረጸው። አለዚያ ስትመልስ ያንተ ነው ይሉሃል።

ደሬ፦
እሁድ ሠርግ በበዛበት ሳምንት 2.8 ሊያገኝ? ሕልም ነው።

ቤቲ ስቱዲዮ፦
ነሐሴ ነው እኮ ደሬ፣ በፍልሰታ ጾም ማን ነው የሚያገባው?

ደሬ፦
እሺ ተሸነፍኩ።

ትግስት ጥገና፦
ቆይ ቆይ። ኤረሩ ቁጥር የለውም? ኤረር 01 ከሆነ፣ ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም ማለት ነው። መጀመሪያ ካሜራውን አጥፋና ሌንሱን ፍታው። ከኋላው ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረግ።
ካልተሻለው ይህን ሞክር። ኤቪ (የኤፍ ቁጥሩን አንተ የምትመርጥበት) ላይ አድርግና የኤፍ ቁጥሩን የመጨረሻ ዝቅ አድርገው። 55 ላይ 4፣ 250 ላይ 5.6 ይሆናል ማለት ነው። ደጋግመህ አንሳ። ከዚያ 11 ላይ አድርገህ አንሳ። በዝቅተኛው በደንብ እያነሳ 11 ላይ ኤረር ካለ፣ የሞተው አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ወይም ወደሱ የምትሄደው ቀጭን ፍላት ኬብል ነው። የወደቀ ሌንስ ላይ ያጋጥማል። ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አፐርቸሩ መንቀሳቀስ ስለሌለበት ኤረር አይመጣም።
ኳስ ደግሞ የሚነሳው ተከፍቶ ነው። ስለዚህ እሁድን በሱው ታልፋለህ። አይኤስኦውን ከፍ እያደረግክ ሻተሩን 1/1000 አካባቢ ጠብቀው፣ ፎከሱን ሰርቮ (የሚሮጠውን እየተከተለ የሚያጠራው) ላይ አድርገው።

አቡሽ፦
በጨርቅ አይወጣም፣ በላጲስ ፈትጋቸው።

ትግስት ጥገና፦
አቡሽ፣ የላጲሱ ፍርፋሪ ካሜራው ውስጥ ሲገባ አንተ ነህ የምታወጣው? ጨርቅ ይበቃል።
ናቲ፣ ሌላም ነገር አለ። ስለወደቀ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ፊት ለፊት ሆነህ አንሳ። ጽሑፉ በአንድ በኩል ጥርት ብሎ በሌላው ከደበዘዘ፣ መስታወቱ ተዛንፏል ማለት ነው። ያኔ ኪራዩን አስብበት።

ናቲ ቄራ፦
አዎ 01 ነው የሚለው! አሁኑኑ ልሞክር። የ85ቱ ሰውዬ ግን ነገ ለሌላ እሰጠዋለሁ እያለኝ ነው።

ሳሚ ቨርጂኒያ፦
ይስጠው። ሻጭ ሁሌ ሌላ ገዢ አለው።

ጋሽ መስፍን፦
85ቱ መጥፎ ሌንስ አይደለም፣ ይህ እንዲሰመርበት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ቢሆንም ፎከሱ ፈጣን ነው። ሙሉ ሜዳ አይደለም እንጂ ቦታው።

የጃንሜዳ ልጅ፦
ናቲ ቡድኖቹ እነማን ናቸው? ዋንጫው ፍየል ነው በግ?

ሃና መ፦
ናቲ ይቅርታ በጥያቄህ ውስጥ ልግባ። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት ቮሊቦል አዳራሽ ውስጥ ነው የማነሳው። ካሜራዬም 700ዲ ነው። በኪት ሌንሱ (በ18-55ቱ) ሁሉም ፎቶ ጥላ ሆነብኝ። ቀለሙም አንዱ ቢጫ አንዱ አረንጓዴ ይሆናል።

ቤቲ ስቱዲዮ፦
ሃኒዬ፣ እነ ናቲ የተጣሉበት 85 ኤፍ 1.8 ላንቺ ነው የተሠራው። የቮሊቦል ሜዳ 18 በ9 ነው፣ ከመስመሩ ውጭ ቆመሽ ያደርስሻል። በጣም ቅርብ የምትቆሚ ከሆነ 50ው ይበቃሻል። ኤፍ 2 ላይ፣ ሻተር 1/500፣ አይኤስኦ 3200። ፎቶው ነጠብጣብ ይኖረዋል፣ አትፍሪው። የደበዘዘን ፎቶ ግን ማንም አያድነውም። ፍላሽ አትጠቀሚ፣ ተጫዋቾቹን ዓይናቸው ላይ ነው የምትመቻቸው።

ኪያ ፎቶ፦
50 አላልኩም?

ትግስት ጥገና፦
ሃና፣ ቀለሙ የሚቀያየረው ከመብራቱ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የአዳራሽ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ሻተሩ ሲፈጥን አንዱን ፎቶ በብልጭታው፣ ሌላውን በድርግሙ ትይዢዋለሽ። 700ዲ ይህን የሚከላከል ነገር የለውም። በሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሺና ቀለሙን ኋላ አስተካክዪ፣ ወይም ከአንድ ቅጽበት ብዙ አንሺና የተሻለውን ምረጪ።

ሃና መ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 85ቱን የሚሸጠውን ሰውዬ ስልክ በውስጥ መስመር ትልክልኛለህ ናቲ?

አቡሽ፦
ናቲ፣ ላጲስ ሞከርክ?

ቤቲ ስቱዲዮ፦
ሰኞ ሆነ። ናቲ የታለ?

የጃንሜዳ ልጅ፦
ፍየሏን እየበላ ነው።