ለሸዋል ኢድ ሐረር ስወጣ ላፕቶፑን ትቼ አይፓድ ብቻ ብይዝ ይበቃኛል?

ሳቢያን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሸዋል ኢድ ከድሬ ሐረር ወጥቼ አራት ቀን ፎቶ ላነሳ ነው። ላፕቶፕ ተሸክሜ በጀጎል ጠባብ መንገዶች መዞር አልፈልግም። ያለኝ 10ኛው ትውልድ አይፓድ ነው፤ 64 ጊጋ ሆኖ ወደ 35 ጊጋ ባዶ ቦታ አለው። ካሜራው 24 ሜጋፒክስል፣ የማነሳው በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል)፣ በቀን 300 ያህል። ፎቶውን የት ላስቀምጥ? በምን ላስተካክል? ምንስ ሊበላሽብኝ ይችላል?

የከዚራ ጥላ፦
አቦ ይቻላል። ማስተካከሉ አያስቸግርህም፤ የሚያስቸግርህ ቦታው ነው። የ24 ሜጋፒክስል ሮው አንዱ ከ25 እስከ 30 ሜጋ ይይዛል፤ ካሜራህ ሳያምቅ የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ 48 አካባቢ ይደርሳል። የቀኑ 300 ፎቶ ወደ 8 ጊጋ ነው፤ በአራት ቀን 35ቱ ጊጋ ሊያልቅ ምንም አይቀረው። ስለዚህ ፎቶውን አይፓዱ ላይ አታከማች፤ ማስተካከያ ብቻ ይሁን።

የኤስዲ ካርድ፣ የዩኤስቢና የቻርጅ ማስገቢያ ያለው ታይፕ ሲ ሃብ (ማገናኛ) እና 500 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ውጫዊ ዲስክ) ያዝ። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ ተወው፤ አይፓዱ የሚሰጠው ኃይል ብዙ ጊዜ አይበቃውም። ኤስኤስዲውን ከቤት ሳትወጣ ኤክስፋት (exFAT) በሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ፎርማት አድርገው። በዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) ከሆነ አይፓዱ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም።

ማታ ካርዱን ሰክተህ ፋይልስ የሚለውን አፕ ክፈት። ዲሲአይኤም (DCIM) የሚለውን የካሜራውን ፎቶ ፎልደር ጫን ብለህ ኮፒ አድርግና ኤስኤስዲው ላይ በቀኑ ስም በከፈትከው ፎልደር ውስጥ ፔስት አድርግ። አስቀድመህ ግን ሴቲንግ ገብተህ ኦቶ ሎክን ኔቨር አድርገው፤ ስክሪኑ ሲቆለፍ ኮፒው መሃል ላይ ሊቆም ይችላል። ይሄኛው አይፓድ ታይፕ ሲ ይኑረው እንጂ ፍጥነቱ የዩኤስቢ 2 ስለሆነ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሲያልቅ የፋይሎቹን ብዛትና መጠን በሁለቱም በኩል አመሳክር፣ ሁለት ሦስቱንም ከኤስኤስዲው ከፍተህ እያቸው። ካርዱን ድሬ እስክትመለስ እንዳታጠፋው፤ ሁለተኛው ቅጂህ እሱ ነው። ባለ 64 ጊጋ ካርድ ለአራቱም ቀን ይበቃሃል።

ኤረር በር፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው የመብራቱን ጉዳይ ነው። ኮፒ በምታደርግበት ሰዓት ሃቡን ግድግዳው ሶኬት ላይ አትሰካው። መብራት እልም ሲል ሃቡ ከሶኬቱ ወደ አይፓዱ ኃይል ሲቀይር ካርዱንና ኤስኤስዲውን ለቅጽበት ሊያላቅቅ ይችላል። የተጀመረው ፋይል ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ኤክስፋት ደግሞ ድንገት መነቀል አይወድም፣ አንዳንዴ ፎልደሩ በሙሉ አልከፈት ይላል። ሃቡን ከፓወር ባንክ ጋር አገናኘው፣ አበቃ።

ሌላው፣ ካርዱን ስትሰካ በፎቶስ (የአይፓዱ የፎቶ አፕ) በኩል ኢምፖርት አታድርግ። ወደ ፎቶስ አስገብተህ ከዚያ ወደ ማስተካከያው አፕ፣ ወደ ላይትሩም ስትጨምረው ላይትሩም የራሱን ቅጂ ስለሚይዝ አንዱ ፎቶ ሁለት ቦታ ይበላል። ከፎቶስ ብታጠፋውም ሪሰንትሊ ዴሊትድ ውስጥ እስከ 30 ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያም ገብተህ ካላጠፋኸው ቦታው አይለቀቅልህም። የመረጥካቸውን 30 ወይም 40 ብቻ ከኤስኤስዲው በቀጥታ ወደ ላይትሩም አስገባ። ሲንክ (ወደ ላይትሩም ክላውድ መጫኑ) ሳያልቅ አፑን ከአይፓዱ ዲሊት ካደረግከው ያልተጫነው ሥራህ አብሮ ይሄዳል።

ላይትሩም ላይ የካሜራ ሮው ማስተካከል በየወሩ የሚከፈልበት ነው። መክፈል ካልፈለግህ ስናፕሲድ ነጻ ነው፤ አይፓድ ላይ የብዙ ካሜራዎችን ሮው ይከፍታል።

ለገሃሬ፦
ስለ ቀለሙ ልናገር፣ ሐረር ላይ ፎቶ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና። ማስተካከል ከመጀመርህ በፊት ስክሪኑን በራሳቸው የሚቀያይሩት ትሩ ቶን፣ ናይት ሺፍትና ኦቶ ብራይትነስ ይጥፉ፤ ብርሃኑን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርገህ እዚያው ተወው። ዓይንህን ሳይሆን ሒስቶግራሙን (ከጨለማ እስከ ብርሃን ያለውን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እመን።

በጀጎል ውስጥ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ መንገዱ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ የሚያንጸባርቅ የኖራ ግድግዳ ነው። ስታነሳ ብርሃኑን ለግድግዳው ለካ፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለን ቦታ ሮውም አይመልሰውም። ከዚያ ስታስተካክል ሃይላይትን (ደማቁን ክፍል) ወደ -60፣ ሻዶን (ጥላውን) ወደ +30 ውሰድ። ሻዶውን ከዚያ ብዙ ከከፈትከው ጥቁሩ ቦታ ነጠብጣብ ያወጣል፣ በተለይ በሌሊቱ ዝክር በከፍተኛ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ስሜት) የተነሳው። የሴቶቹ ቀይና ብርቱካን ልብስ ላይ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) አትጨምር። የፎቶው ቀይ ቀለም ብቻውን ጣሪያ ይነካና የጨርቁ እጥፋት ጠፍቶ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። ቀዩ የሒስቶግራሙን ቀኝ ጥግ ከነካ የቀዩን ሳቹሬሽን ብቻ ከ10 እስከ 15 ቀንስ።

ድሬ ስትመለስ ደግሞ ሙቀቱን አስብ። አይፓድ እንዲሠራበት የተወሰነው የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ የእኛ ቀትር ያንን ያልፋል። ሲሞቅ ቻርጅ ያቆማል፣ ስክሪኑም ሳትነካው ይደበዝዛል። በደበዘዘ ስክሪን የተስተካከለ ፎቶ ሌላ ሰው ሲከፍተው ከልክ በላይ ነጥቶ ይታያል።

ሳቢያን፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሃቡንና ኤስኤስዲውን እፈልጋለሁ። ያለቀውን እዚያው ሆኜ ለቤተሰብ በቴሌግራም ብልክስ ጥራቱ ይቀንሳል?

ኤረር በር፦
እንደ ፎቶ ከላክኸው ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ እንደ ፋይል ከላክኸው አይነካውም። በስልክ ለሚያዩት ረጅሙን ጎን 2048 ፒክስል፣ ጥራቱን 80 አድርገህ በጄፔግ ኤክስፖርት አድርግ፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሜጋ አይበልጥም፣ በሞባይል ዳታም ይሄዳል። ማሳተም ለሚፈልጉት ግን ሙሉ መጠኑን በፋይል ላክላቸው።