ማርጋሬትን አስታወስናት ወይስ ተካናት?

ጠያቂው፦ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የቶኒ ሞሪሰንን «ቢላቭድ» ለሁለተኛ ጊዜ አንብቤ ጨረስኩ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። በጥር 1856 ማርጋሬት ጋርነር የምትባል ሴት ከባሏና ከልጆቿ ጋር ከኬንታኪ ባርነት አመለጠች። በረዶ የሆነውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ፣ ባርነት በተከለከለበት በኦሃዮ ግዛት ያለችው ሲንሲናቲ ገባች። አሳዳጆቹ የተደበቀችበትን ቤት ሲከቡት የሁለት ዓመት ልጇን በቢላ ገደለቻት። ተመልሳ ባሪያ ከምትሆን ትሙት ብላ። ሞሪሰን ወሬውን ከድሮ ጋዜጣ አገኘችው፣ በ1987 ልብ ወለድ አድርጋ አወጣችው። የልብ ወለዷ እናት ሴተ ግን ነጻ ትወጣለች። እውነተኛዋ ማርጋሬት ወደ ባርነት ተመልሳ በ1858 በታይፎይድ ሞተች። እንዲህ ያለ ሰቆቃን ለውጦ መጻፍ ማስታወስ ነው መተካት? እኔ ወደ መተካቱ አደላለሁ።

ዶሴ፦ እስማማለሁ። ሴተን ስንቱ ያውቃታል፣ ማርጋሬትንስ? ደግሞ ችሎቱ ላይ የሆነው ከልብ ወለድ ይብሳል። ጠበቃዋ በነፍስ ግድያ ትከሰስ ብሎ ተሟገተ። አዎ፣ የራሷ ጠበቃ! ነፍሰ ገዳይ ከተባለች ሰው ናት ማለት ነዋ። በኦሃዮ ሕግ ትዳኛለች፣ እዚያው ትቀራለች። በ1850 የወጣው የኮበለሉ ባሮች ሕግ ግን የሚያያት እንደ ጠፋ ንብረት ነው። ንብረት ደግሞ ለባለቤቱ ይመለሳል። ተመለሰች። ይህ እያለ ምናብ ምን ይሠራል?

ቀለም፦ ዶሴ፣ ራስህ መለስከው እኮ። ችሎቱ የተከራከረው «የማን ናት?» በሚለው ነው። መዝገቡን የጻፉት ዳኛ፣ ጠበቃና ጋዜጠኛ ናቸው። ልብ ወለዱ ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ እኔ ካነበብኩት ዓመታት ቢያልፉም አይለቀኝም። ሴተ ባሪያ የነበረችበትን እርሻ የሚያስተዳድረው፣ መምህር የሚሉት ሰውዬ ተማሪዎቹን አስቀምጦ የሴተን የሰው ጠባይ በግራ፣ የእንስሳ ጠባይዋን በቀኝ በኩል ያስጽፋቸዋል። የሚጽፉበትን ቀለም የሠራችው ራሷ ሴተ ናት። ከብዙ ዘመን በኋላም የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ቀለሙን የሠራሁት እኔ ነኝ የሚለው ነገር። ይህን የትኛው ዶሴ ላይ ታገኘዋለህ?

ዶሴ፦ የትም። ስለሌለ ነዋ ፈጠራ የምለው።

ባሕረኛው፦ መዝገብ መዝገብ የምትሉ፣ እስቲ ዞንግ የተባለችውን የባሪያ ንግድ መርከብ አስቡ። በ1781 ከ130 በላይ አፍሪካውያን ከነሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ተወረወሩ። በ1783 ጉዳዩ እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ደረሰ። ክሱ ግን ግድያ አልነበረም። የመርከቧ ባለቤቶች «ለጠፋው ጭነታችን ኢንሹራንስ ይከፈለን» ብለው ነው። አትላንቲክን እንዲሻገሩ ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች 1.8 ሚሊዮን ያህሉ መንገድ ላይ አልቀዋል። የብዙዎቹ ዶሴ የጭነት ሒሳብ ነው። ደራሲ ካልገባበት ማን ሊገባበት ነው?

ጠያቂው፦ ስም ላልቀረላቸውማ እሺ። ማርጋሬት ግን ስም አላት።

ዳር ቆሜ፦ ናት ተርነርም ስም ነበረው። በ1831 ቨርጂኒያ ውስጥ ባሮችን አስነሥቶ ያመጸና የተሰቀለ ሰው ነው። በ1967 ዊልያም ስታይረን የሚባል ነጭ ደራሲ በናት አንደበት ልብ ወለድ ጻፈ፣ ፑሊትዘር ተሸለመ። በዓመቱ 10 ጥቁር ጸሐፍት ተሰብስበው በመጽሐፍ መልስ ሰጡት። ናትን አንዲት ነጭ ልጃገረድ የሚመኝ አድርጎ መሣሉ በተለይ አንገብግቧቸዋል። ሞሪሰን ግን የማርጋሬትን ስም ለወጠች። «ይህቺ ሌላ ሴት ናት» ማለቷ ነው። ለኔ ይሄ አክብሮት ነው።

ዶሴ፦ በ2005 ዲትሮይት ላይ ለታየው ኦፔራ ግጥሙን የጻፈው ማን ነው? ሞሪሰን። ርእሱስ? «ማርጋሬት ጋርነር»።

ዳር ቆሜ፦ እሱን አላሰብኩትም። አገኘኸኝ።

ቀለም፦ ቢሆንስ? ከ18 ዓመት በኋላ ወደ ስሟ ተመልሳ መምጣቷ አልረሳቻትም ማለት አይደለም? የተካ ሰው አይመለስም።

ያልጨረስኩት፦ እኔ ማን የመጻፍ መብት እንዳለው አላውቅም። መጽሐፉን ግማሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ልጅ ቀብሬያለሁ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ልብ ወለዱ ውስጥ ስለምትመጣው የሟቿ ልጅ መንፈስ ነው፣ እኔን ያስቆመኝ ግን የሴተ ቤት ቁጥር ነው። 124። ሦስት የለም። የተገደለችው ደግሞ ሦስተኛዋ ልጅ ናት። ምናልባት የኔ አነባበብ ይሆናል። ግን ቤት ውስጥ ልጅ ሲጎድል እንደዚያ ነው። ቆጥረህ ትመጣና እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ትዘላለህ።

ጠያቂው፦ እግዜር ያጽናሽ እህቴ። ሁለት ጊዜ ሳነብ ቁጥሩን አላስተዋልኩትም። ክርክሬን አልተውኩም፣ ግን ይቺን የችሎት መዝገብ አያመጣትም፤ ልዋሽ አልችልም።

ያልጨረስኩት፦ አሜን። አንድ ነገር ልጠይቅ። የሞተችው ልጅ ማን ትባላለች? እስካቆምኩበት ድረስ ስሟን አላገኘሁትም።

ቀለም፦ እስከ መጨረሻውም አታገኚውም። ያለው መቃብሯ ላይ የተቀረጸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የመጽሐፉ ርእስ የሆነው «ቢላቭድ»፣ «የተወደደች» እንደማለት።

ያልጨረስኩት፦ የእውነተኛዋስ?

ዶሴ፦ ሜሪ። ሌላ ሕፃን እህትም ነበረቻት፣ ሲላ የምትባል። ማርጋሬትን ወደ ደቡብ ሲወስዷት እንፋሎት መርከቧ ከሌላ ጋር ተጋጨች፣ ሲላ እዚያ ሰጠመች። ልብ ወለዱ ውስጥ የለችም።