ዊልቸር ላይ ሆኖ ፓድ መምታት፦ ወንበሩ ይንሸራተታል

ጥያቄ፦ ዊልቸር ላይ ሆኖ ካራቴ የሚማር ሰው ፓድ (ሌላ ሰው የሚይዝለትን የመምቻ ትራስ) ሲመታ፣ ፍሬኑ ተይዞም ወንበሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ እዩ፤ ከጎደለ ፍሬኑ ጥሩ አይነክስም። ቀጥሎ ወንበሩን ከፓዱ አቅጣጫ ወደ 45 ዲግሪ አዙሩት፤ ጎማ ወደ ጎን ስለማይሽከረከር ግፊቱን ይቋቋማል፣ የእግር ማሳረፊያውም መንገድ አይዘጋም። መገልበጥን የሚከላከሉትን ትንንሽ የኋላ ጎማዎች በፍጹም አታውልቁ። ማሰሪያው ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ ላይ ይዋል።

መልስ 2፦ ፓድ ያዡም ይቀመጥ! ቆሞ ከፍ አድርጎ ከያዘ ተማሪው ሁሌ ወደ ላይ እየመታ ትከሻው ይጎዳል፤ ወንበሩን የሚገፋውም በዚያው ትከሻ ነው። የወገብ ጡንቻው የማይታዘዝለት በአንድ እጁ የጎማውን ቀለበት ይዞ በሌላው ይምታ።

መልስ 3፦ መቀመጫው ላይ ስሜት ከሌለው በየ20 ደቂቃው ክብደቱን ከወንበሩ ላይ ያንሳ። ከልምምድ በኋላ ቆዳው ይታይ፤ የማይጠፋ መቅላት የቁስል መጀመሪያ ነው።